የሦስት ዓመቱ ዕቅዴ

እዚህ ሐርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ባለው የእንግሊዝኛ መማሪያችን ክርክር ነበረን፤ «የውጭ ጦር ከያዘው አገር መቼ ይውጣ?» የሚል። እኔ ደግሞ ማስረዳት ስወድ! «በአንድ ጊዜ ከወጣ ክፍተት ይፈጠራል። ስለዚህ በሦስት ዓመት፣ በሦስት ዙር ይውጣ» ብዬ ዘርዝሬ አብራራሁ። ተጨበጨበልኝ።

ከተቃራኒው ቡድን አሚና ተነሳች፤ ከየመን ተሰዳ የመጣች ልጅ ናት። «ወንድሜ፣ አሁን ቤታችን ውስጥ የሚተኙት የውጭ ወታደሮች ናቸው። አባቴ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ‹መቼ ነው ቤቴ የምገባው?› ይለኛል። ወላሂ፣ ሦስቱን ዓመት ከየት ላምጣለት?» አለችኝ። እሷ ልትቀጥል ስትል መምህሩ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገና «ሁለት ደቂቃሽ አልቋል። ደግሞ ስሜት ማስረጃ አይሆንም» አላት።

ደሜ ፈላ። «የኔን ደቂቃ ይስጧት!» አልኩ።

«ደንቡ አይፈቅድም።»

«መምህር፣ ሰው ቤት ገብቶ ለተኛ ወታደር ሦስት ዓመት ስመርቅለት ዝም ብለው፣ ለቤቱ ባለቤት ደቂቃ ይቆጥራሉ?»

አሚና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። መምህሩም ምንም እንዳልተፈጠረ «የእናንተ ቡድን አሸንፏል» አለን። ማንን ነው ያሸነፍነው? ቤቴ ልግባ ያለ ሽማግሌን!