ስለ ክፍት አልጋዎቹ መግለጫ

የምስክር ቃል
ምስክር፦ በጡረታ ላይ ያሉ የቋንቋ መምህር
ዕድሜ፦ 67
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ በላይ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከታናሽ እህታቸው ጋር
ቃሉ የተሰጠው፦ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በምርመራ ክፍል
ጉዳዩ፦ በአምቡላንስ ውስጥ ሕይወቱ ስላለፈ አናጺ

ከላይ የተገለጽኩት ምስክር በፈቃዴ የሚከተለውን ቃል እሰጣለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የሆስፒታሎችንና የአምቡላንሶችን ፕሮግራሞች በሚያገናኝ ድርጅት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሥራዬ ከሶፍትዌር መሐንዲሶቹ ጎን ተቀምጬ የእያንዳንዱን ዌብ ሰርቪስ ትርጉም እንዲጽፉ ማገዝ ነው። ዌብ ሰርቪስ የሚባለው አንዱ ፕሮግራም ሌላውን በኢንተርኔት መረጃ የሚጠይቅበት አገልግሎት ነው። የሚመለሰው መልስ ምን ማለት እንደሆነ በመግለጫ ይጻፋል። ጠያቂው ፕሮግራም እንደ ሰው አይጠራጠርም፤ የተጻፈለትን አምኖ ይሄዳል። መሐንዲሶቹ የሚጠቀሙበት መሣሪያ ከቀድሞ መግለጫዎች ተመሳሳዩን ፈልጎ ያቀርባል፤ መሐንዲሱ ያርመዋል ወይም ያጸድቀዋል። እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው አገልግሎቱ መልሱን በማያውቅበት ጊዜ ምን እንደሚል ነው።

በዚህ ጉዳይ የተያዘው መሐንዲስ የታናሽ እህቴ ልጅ ነው። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ሥራ ያገኘልኝ ደግሞ እሱ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት እኔና እሱ አንድ ሆስፒታል ያሉትን ኦክስጅን ያላቸው ክፍት አልጋዎች የሚያሳውቀውን አገልግሎት ይዘን ተቀመጥን። መሣሪያው «በአሁኑ ሰዓት ያሉ ክፍት አልጋዎች» የሚል መግለጫ አቀረበ። የእህቴን ልጅ የተለመደውን ጥያቄዬን ስጠይቀው፣ የሆስፒታሉ መስመር ሲቋረጥ አገልግሎቱ መጨረሻ የደረሰውን ቁጥር መልሶ እንደሚናገር ነገረኝ። «እንግዲያው ‹በአሁኑ ሰዓት› አይባልም፣ ይህንኑ ጻፍ» አልኩት። ሳቀ። «ጋሼ፣ አንተ እኮ ማሽኑንም ክፍል ታስደግመዋለህ» አለኝ። «ካላጠና ምን ላድርገው?» አልኩት። ከዚያ ሳቁን ተወ። እንደዚያ ከተጻፈ የወቅቱን ቁጥር ብቻ የሚቀበለው የአምቡላንሱ ፕሮግራም አገልግሎቱን እንደማይቀበል፣ ሥራውም ለማግስቱ ርክክብ እንደማይደርስ ገለጸልኝ። «ሰኞ አስተካክለዋለሁ። በሞቴ ጋሼ፣ እስከዚያ ምን ይመጣል?» ብሎ አጸደቀው። ተነሥቼ ለኃላፊያችን ነገርኩት። እሱም «ባለሙያው ካጸደቀው እኮ አለቀ፣ ቲቸር» ብሎ መለሰኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መስመሩ ተቋረጠ። በሆስፒታሉ አልጋው ሁሉ ቢያዝም አገልግሎቱ ክፍት አልጋ አለ ማለቱን ቀጠለ። መተንፈስ ያቃተው አናጺ ከሚስቱ ጋር አምቡላንስ ውስጥ ነበር። ፕሮግራሙ ወደዚያ መራቸው። ደርሰው አልጋ ሲያጡ ወደ ሌላ ሆስፒታል ዞሩ፤ እሱ ግን መንገድ ላይ አረፈ። ሚስቱ እጁን ይዛ «አይዞህ፣ ደረስን» ትለው እንደነበር የነገረኝ ትናንት ቢሮ የመጣው የአምቡላንሱ ሹፌር ነው። እኔ በቦታው አልነበርኩም።

ዛሬ ጠዋት እህቴ ክፍሌ ድረስ መጣች። «ወንድምዬ፣ መሣሪያው ነው የጻፈው በላቸው። ማሽን አይታሰር፣ ማሽን እናት የለው» አለችኝ። ጫማዬን አቀበለችኝና አብረን ወጣን።

መሣሪያው ቃሉን ማቅረቡ እውነት ነው። ትክክል አለመሆኑን እያወቀ ያጸደቀው ግን የእህቴ ልጅ ነው። ሰው ይጎዳል ብሎ አላሰበም፤ ይህም እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፏል።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። የተጻፈው የማውቀውና የተናገርኩት ነው፤ የጨመርኩት የለም፣ የሸሸግኩትም የለም። እህቴ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ስለምትጠብቀኝ፣ የሰጠሁትን ቃል ከእኔ ከራሴ አፍ እስክትሰማ ድረስ ማንም እንዳይነግራት አመልክቼ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________