እንደ ለቅሶ ቤት

ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ ነው። ከፊቴ አንዲት ወጣትና አንድ ሽማግሌ ይከራከራሉ።

«ደሌጌት ልሆን ነው ያልሽው የምርሽን ነው?»

«አዎ ጋሼ። ፓርቲው ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርበውን ሰው በሚሰይምበት ጉባኤ ላይ ሰፈራችንን ወክዬ እገባለሁ።»

«አንቺን ማን ይመርጥሻል?»

«ቅዳሜ ምርጫው የሚካሄድበት አዳራሽ ድረስ የመጣ፣ ለፓርቲው ሬጅስተር ያደረገ የሰፈራችን ሰው ሁሉ። ብዙ ሰው ያመጣ ያሸንፋል።»

«የምትወዳደሪው እኮ ከጠበቃና ከማኅበር መሪ ጋር ነው!»

«ይሁና! እኛ ሰው ሲሞትብን ቤት ሞልተን መንገድ የምንዘጋ ሰዎች ነን። እስቲ አንድ ቀን እንኳ ሰው ሳይሞት እንሰብሰብ!»

«ታዲያ እኔን ለምን አልጠራሽኝም?»

«ለለቅሶ ተጠርተው ያውቃሉ?»

የቅዳሜ ሺፍቴን ማን እንደሚይዝልኝ ማሰብ ጀመርኩ።