ራሱን የወዘወዘው የቦምቤይ ሰውዬ

ቁጭ በል፣ ገና ቦምቤይ መግባቴን ነው ለጓደኞቻችን የማወራላቸው። ከለንደን ርካሽ ቲኬት ቡክ አድርጌ ብቻዬን ሄጄ፣ በዶፍ ዝናብ ማደሪያ እፈልጋለሁ። ደርግ ፓስፖርት ስለማይሰጠኝ የያዝኩት የስደተኛ ወረቀት ነው፤ እሱን እያዩ ሦስት ሆቴሎች መልሰውኛል። አራተኛው ጋ ያለው ሰውዬ ወረቀቴን አገላብጦ አየና፣ «አልጋ አለ?» ስለው ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። በቃ ብዬ ሻንጣዬን አነሳሁ።

በሩ ጋ ስደርስ የአዲስ አበባው ሕንዳዊ የሒሳብ መምህሬ ትዝ አሉኝ። ትምህርቴን አቋርጬ ከመሰደዴ በፊት፣ አንዲት ጥያቄ የመለስኩ ቀን፣ እሳቸውም እንዲሁ ራሳቸውን ወዘወዙ፤ «ልክ ነህ» ማለታቸው ነበር። ዞር ስል ሰውዬው ቁልፍ ይዞ ይጠብቀኛል። እፎይ አልኩ።

«አለ እያልኩህ» አለኝ፣ «በዚህ ዝናብ ወዴት ትሄዳለህ?»