የጓዳው ሰውና የሚስቱ ኮምፒውተር

ዝናብ አባሮኝ ከአንድ ሕንፃ ደጃፍ ሥር ተጠልዬ ሳለ ሁለት ሰዎች እየተሟገቱ ደረጃውን ሲወርዱ ሰማሁ። ድምፃቸውን ለየሁት። አንደኛው ጎረቤቴ የሆኑት አዛውንት መሐንዲስ ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት ማቀዝቀዣ ሲያጓራ በሚውልበት፣ ሰርቨር፣ ማለትም ብዙ ሰው በአንዴ የሚያገለግል ትልቅ ኮምፒውተር፣ በተደረደረበት ክፍል ውስጥ ስለሆነ ወዳጆቻቸው «የጓዳው ሰው» እንላቸዋለን። ሁለተኛዋ የእኅታቸው ልጅ ናት። አሳድገው፣ አስተምረው ለሙያው ያበቋት እሳቸው ናቸው፤ አሁን እሳቸውኑ ትሞግታለች።

«ይኸው ዳኛ መጣልን!» አሉ የጓዳው ሰው እንዳዩኝ። «በጋዜጣ ሁሉን ስትሳደብ ትከርማለህ፤ እስቲ ዛሬ ደግሞ ፍረድ።»

«ሂስ ነው እንጂ ስድብ አይደለም» አልኳቸው።

«ለተሰደበው ልዩነቱ አይታወቀውም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጋር በማኅበር ሆነው አንድ ሥርዓተ ክወና ይሠራሉ፤ ኮምፒውተርን የሚያዘውን፣ ያለ እሱ ማሽኑ ባዶ ሣጥን የሚሆንበትን ፕሮግራም ማለቴ ነው። የእነሱ ክፍት ምንጭ ነው፤ አሠራሩ ለማንም የተገለጠ፣ የፈለገ በነፃ የሚወስደው፣ የቻለ የሚያሻሽለው። ሠራተኛው ጥቂት በመሆኑ ማኅበሩ በማግስቱ ሊወስን ተቀጣጥሯል፤ ሥርዓቱ ከእንግዲህ ለሰርቨር ብቻ ይሁን፣ ወይስ ሰው ጠረጴዛው ላይ ለሚሠራበት ዴስክቶፕም ይቀጥል? ሰብሳቢው የጓዳው ሰው ናቸው። የዴስክቶፑን ክፍል የያዘችው ልጅቷ ናት፤ ክፍሉ ከተዘጋ ማኅበሩን ትታ እንደምትሄድ እዚያው ደረጃ ላይ ነግራቸዋለች። እሳቸው ደግሞ ወንበራቸውን ለማንም ሳይሆን ለእሷ ሊያወርሱ ነበር የሚያስቡት። ድምፃቸው የሻከረው ለዚህ ነው።

ዝናቡ ጋብ ሲል ሦስታችንም ወደ ቤታቸው አመራን።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አሉ መሐንዲሱ ኩሬ እየዘለሉ። «ባንኩ፣ ሆስፒታሉ፣ ስልኩ የሚሠራው በሰርቨር ነው። የኛ ሥርዓት እዚያ ገብቶ ዓመት ሙሉ አንዴ ሳይቆም ያገለግላል። ታዲያ ስክሪን ላይ መስኮት ቀለም ስንቀባ ለምን እንውላለን?»

«ዛፉ አንድ ነው፣ ጋሼ» አለች። «ሰርቨርም ዴስክቶፕም የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። ለመሆኑ እርስዎ የተወለዱት ሰርቨር ክፍል ነው እንዴ?»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን!»

«ከልቤ ነው የምጠይቅዎ። እኔን ያስተማሩኝ በምን ነበር? ሳሎን ባለው አሮጌ ኮምፒውተር። ሥዕል ስስልበት፣ ሳበላሸው፣ እርስዎ ሲጠግኑልኝ አይደል ሙያው የገባኝ? ያንን በር ዛሬ ከዘጉት፣ ነገ ሰርቨርዎን የሚጠብቀው ሰው በየት በኩል ይገባል?»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። በየሙያው የማየው በሽታ ይኸው ነውና። እኛ ተማርን ባዮች መሰላሉን ወጥተን ስናበቃ ለማገዶ እንፈልጠዋለን፤ ከዚያ ወዲያ «ወጣቱ ሰነፈ» ብለን እንጽፋለን! ይህንኑ ልናገር አፌን ስከፍት መሐንዲሱ ቀደሙኝ።

«ተጠቃሚ የለውም እኮ ነው የምልሽ! ከሰርቨር ሰዎች በየቀኑ አቤቱታ ይመጣል፤ ይህ ተሰበረ፣ ያ ዘገየ ይላሉ። ከዴስክቶፕ በኩል ግን ጭጭ። ወይ እንከን የለውም፣ ወይ ሰው የለውም።»

«ወይ ደግሞ ሰዉ ሳይናገር ይሄዳል።»

«ይኸው ምስክሯ እቤቴ አለች! እትዬሽ ስንት ዘመኗ በኛው ሥርዓት ስትሠራ? እኔው በእጄ ነው የጫንኩላት። አንድ ቀን አማርራ ታውቃለች? ና አንተም፣ በዓይንህ እይ።»

ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ሳሎኑን ጨርቅ ሞልቶታል፤ በመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናቸው፣ ከጎኑ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ተቀምጠዋል። የልብሱን ቅድ በኮምፒውተር ይሥሉና በወረቀት አትመው፣ ጨርቁ ላይ አስይዘው ይቆርጣሉ። ስክሪኑ ላይ የማኅበሩ ሥርዓት መለያ የሆነችው ነጭ ወፍ ክንፏን ዘርግታለች።

«አየህ?» አሉኝ የጓዳው ሰው፣ በሩ ላይ እንደቆሙ ወፏን እያሳዩ።

ልጅቷ ግን ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አለች። ማውዙን ይዛ አንድ ሁለቴ ነካ ነካ አደረገችና ቀና ብላ እትዬዋን አየች። እትዬዋ በከንፈራቸው የያዙትን ስፒል አወጡ።

«ዝም በይ» አሏት በሹክሹክታ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ባል። ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ከወፏ ሥር ያለውን ገለጡ። ሌላ ሥርዓት ነው! ከገበያ የሚገዛው፣ ስሙ ሲነሳ ፊታቸው የሚጨማደድበት።

«መቼ ነው?» አሉ ወደ ሚስታቸው ዞረው።

«ቆይቷል። ተቆጣህ?»

«ወፏስ?»

«ወፏንማ ሌላውን የጫነልኝን የኮምፒውተር ጠጋኝ ለምኜ አስቀመጥኳት። ስታልፍ ስታገድም እንዳይከፋህ ብዬ። አንተ እንደሆንክ በር ላይ ቆመህ ታያለህ እንጂ ቁጭ አትል።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሆነና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

«ግን ምን አጥፍቶ?»

«የእጅጌ ቅድ ሳትም ያሳንሰዋል። ስክሪኑ ላይ ልክ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ይጠባል። እኔ ምን አውቄ፣ ቆረጥኩት። ደንበኛዬ ለብሳው ክንዷ እጅጌው ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ! ለማውለቅ ሁለት ሆነን ጎተትናት።»

«ለምን አልነገርሽኝም? በግማሽ ቀን የሚስተካከል ነገር እኮ ነው!»

«ጀምሬ ነበር። ‹መመሪያውን አንብቢ› አልከኝ። መመሪያው የተጻፈው ላንተ ብጤ ነው፤ ሆዴ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። የባንኩ ሰው ሲደውል ግን ጉርሻህን ትተህ ትሮጣለህ። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ!»

ለዚህ ምንም መጨመር አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ግን አላስቻለኝም። «ጌታው!» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «የሰርቨር ሰው ሲቸግረው ይጮሃል፤ ጩኸቱ ሥራው ነው፣ ደሞዝ ይበላበታል። የጠረጴዛው ሰው ሲቸግረው ደንቆሮው እኔ ነኝ ብሎ፣ አፍሮ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ይወጣል። እናንተ ደግሞ ዝምታውን እንደ ምስጋና ትቆጥራላችሁ! ይህ ንቀት ካልሆነ—»

«በቃ፣ በቃ» አሉ ሚስት መቀሳቸውን አንስተው። «ባሌን እኔው እቆጣዋለሁ። ለዚህ ሰው አልቀጠርኩም።»

የጓዳው ሰው ዓይናቸውን ከወፏ ላይ አላነሱም።

«ስንት ቤት ይሆን» አሉ በመጨረሻ «ወፏ ብቻ የቀረችው?»

«ነገ ማኅበሩን ይህንኑ ይጠይቁት፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ ለስልሶ ነበር።

ጠየቁ። ስብሰባው ላይ የእጅጌውን ታሪክ አንድም ሳይደብቁ ተናገሩ፤ የተሰበሰበው ሁሉ ሲስቅ እሳቸውም ሳቁ። ሰርቨሩ ሳይጓደል ዴስክቶፑም እንዲቀጥል፣ ማንኛውም የማኅበሩ ሰው ደግሞ በሥርዓቱ እንጀራውን ከሚበላ ሰው አጠገብ ተቀምጦ፣ ሳያርም፣ ሳይመክር እንዲመለከት ተወሰነ። ልጅቷም ቀረች።

የኅትመቱ ስሕተት ሲመረመር የተገኘው ሰርቨሩም ዴስክቶፑም በሚጋሩት ግንድ ላይ ነበር። አንድ የዕቃ መጋዘን ከሰርቨሩ የሚያትመው መለያ ወረቀት ጫፉ እየተቆረጠ ሲያስቸግረው ኖሯል፤ ምክንያቱን ማንም አላገኘለትም ነበር። እጅጌው ሲስተካከል እሱም ተስተካከለ። ከልብስ ሰፊዋ ሙያ ከሚማሩት መካከል አንዷ ሥርዓቱን በነፃ ወስዳ ሥራ ጀመረችበት፤ አሁን ለማኅበሩ እርማት ትልካለች። ለጠረጴዛው ሰው የደከመ ለጓዳውም ሰው ያፈራል። ይህን የማይቀበል ካለ አድራሻዬን ጋዜጣው ያውቀዋል፤ ይምጣና እንነጋገር።

የጓዳው ሰው ሥርዓታቸውን ለሚስታቸው እንደገና የጫኑ ዕለት እኔም ነበርኩ። እጅጌው ታተመ፤ ሚስት በሜትር ለኩት። «ልክ ነው» አሉ፤ መሐንዲሱ ከሰርቨር ክፍል እንዲህ ደስ ብሏቸው ሲወጡ አይቼ አላውቅም።

«እንግዲህ እውነተኛው ከገባ» አሉ ሚስት ሜትሩን እየጠቀለሉ «ወፏን አንሳልኝ። ከመጀመሪያውም አልወደድኳትም።»

«ጋሼ፣ አቤቱታ መጣ!» አለች ልጅቷ።

ሊነሱ የነበሩት የጓዳው ሰው ወንበራቸውን መልሰው ሳቡና ከሚስታቸው አጠገብ ተቀመጡ።

«ቀጥዪ» አሉ። «ሌላስ?»