በአንድ ትንፋሽ የተነገረ ዋጋ

ኅዳር በገባ በሁለተኛው ሐሙስ ጠዋት፣ መጽሐፌን በብብቴ ይዤ ከየካ ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን ጠባብ መንገድ ስወጣ፣ ጉሙ ከባሕር ዛፎቹ መሃል ገና አልተነሣም ነበር። ከታች ከተማው የለም። አዲስ አበባን የሚያህል ነገር ወተት በመሰለ ጉም ተውጦ፣ ቀበና ላይ የሚጮኸው የታክሲ ክላክስ ብቻ ከሌላ ዓለም እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማል። በእንዲህ ያለ ጠዋት ሰው ራሱን ዛፍ ነኝ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። እኔም እንደዚያ እያሰብኩ ሳለሁ፣ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ቆመው፣ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ ጮክ ብለው ሲያነቡ አየሁ።

«አንቀጽ አሥራ አንድ። ተጠቃሚው ይህን ቁልፍ ሲጫን ከላይ በተዘረዘረው ሁሉ እንደተስማማ ይቆጠራል። አንቀጽ አሥራ ሁለት…»

ስልኩን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፤ መልሰው አራቁት።

«ደግሞ ሄደ» አሉ፣ ለጉሙ እንደሚናገሩ ሁሉ።

ያወቅኳቸው በድምፃቸው ነው። ጋሽ ሣህሌ የሠፈራችን እድር ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሰው ባረፈ ቁጥር ገና ሳይነጋ ጡሩምባቸውን ነፍተው፣ የሟቹን ስም፣ ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና የቀብሩን ሰዓት በአንድ ትንፋሽ ይናገራሉ። ከሞቀ አልጋው ሆኖ የሰማ ሰው ሌላ ጥያቄ ሳያስፈልገው ነጠላውን አንሥቶ ይወጣል።

«ምን ሄደብዎ ጋሽ ሣህሌ?»

«ወንበሩ ነዋ። ለሦስተኛ ጊዜ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አንጋፋዋ ዘፋኝ የሺሃረግ እዚሁ ተራራ ላይ ባለው ሜዳ የመሰናበቻ ኮንሰርቷን ታቀርባለች። ትኬቱ የሚሸጠው «ገባ ገባ» በሚባል የስልክ መተግበሪያ ብቻ ነው። መተግበሪያው የመረጡትን ወንበር ለስምንት ደቂቃ ይይዛል፤ ከዚያ ይለቀዋል። ጋሽ ሣህሌ ደግሞ ያላነበቡትን ውል አይፈርሙም። አሥራ አራቱን አንቀጽ ሰረዙን እንኳ ሳይዘሉ ሲያነቡ፣ አሥራ ሁለት ላይ ሲደርሱ ጊዜው ያልቃል። ድንጋዩ ላይ የወጡትም ኔትወርኩ እዚያ ስለሚጠነክር ነው።

«እሱን እኮ ማንም አያነበውም» አልኳቸው።

«እንግዲያ ለማን ጻፉት?»

ወሬ ቀየርኩ። «ለመሆኑ እርስዎ ኮንሰርት መሄድ ከመቼ ወዲህ ነው?»

ከድንጋዩ ወርደው ተቀመጡ። «ለእኔ መስሎሻል? ለዘቢደር ነው። ባለቤቴ የየሺሃረግን ዘፈን ሳታንጎራጉር ልብስ አጥባ አታውቅም። የግራ ጆሮዋ ከደነቆረ ቆይቷል። ባለፈው ወር ሐኪም ዘንድ ይዣት ብሄድ፣ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ ‹የቀኙም እየሄደ ነው፤ እስከ ፋሲካ ከቆየ ጥሩ ነው› አለኝ። ከቅዳሜ ሌላ ቅዳሜ የለንም።»

«እሷንስ ምን አሏት?»

«ጠብታ ታዞልሻል አልኳት።»

ይህን ብለው ወደ ጉሙ አዩ። እኔም አየሁ። ከጉሙ ውስጥ የሩጫ ኮቴ መጣ፤ ከኮቴው በኋላ ላብ ያጠመቀው አንድ ወጣት፤ ደረቱ ላይ «ገባ ገባ» ተብሎ ተጽፏል። ሕልም ቢሆን ኖሮ፣ ይህስ አልበዛም ወይ እል ነበር።

«ና እስቲ ልጄ» አሉ ጋሽ ሣህሌ። «ይህን ደረትህ ላይ ያለውን ሰዎች ታውቃቸዋለህ?»

ወጣቱ ቆሞ እጅ ነሣ። ስሙ ጌድዮን ነው፤ ኮተቤ ይኖራል፤ የመተግበሪያውን ገጾች የሚሠራው እሱ ራሱ ነው። ይህን ሲናገር ኩራት ነበረበት። ኩራቱን አልጠላሁበትም፤ የእኔም አይናቅም።

«እንግዲያው አንተን እጠይቅሃለሁ» አሉት። «መጀመሪያው ገጽ ላይ ዘጠኝ መቶ ብር ይላል። ደስ ብሎኝ ገባሁ። ስም አለኝ፣ ሰጠሁ። ስልክ አለኝ፣ ሰጠሁ። ወንበር መረጥኩ። መጨረሻ ገጽ ስደርስ አንድ ሺህ ሰባ ሆነ። በመንገድ ላይ ወለደ?»

«የአገልግሎት ክፍያ ነው ጋሼ። የባንኩ አለ፣ የሠራተኛው አለ፣ ሲስተሙ ራሱ ወጪ አለው።»

«እሱን መክፈሉን እከፍላለሁ። የሠራ ሰው ይብላ። ለምን መጨረሻ ላይ ነገርከኝ ነው የምልህ።»

ጌድዮን አንገቱን አከከ። «እውነቱን ልንገርዎ፤ መጀመሪያ ላይ ከነገርነው ሰው ይሸሻል። እዚያ ድረስ ከመጣ በኋላ ግን ለመመለስ ይሰለቸዋል። ሁሉም ድርጅት የሚሠራው እንደዚህ ነው። ስታንዳርድ ነው።»

«ስታንዳርድ» ሰው ሐሳብ ሲያልቅበት የሚጠለልበት ዛፍ መሆኑን ካወቅኩ ቆይቻለሁ። ዝም ማለት አቃተኝ።

«አምና የገዛሁት ኮንሰርት ሲሰረዝ ብሬን መለሳችሁ፤ የአገልግሎቱን ግን አስቀራችሁ። ያልተዘፈነ ዘፈን እንዳልሰማ ነው ያገለገላችሁኝ?»

«እሱ እንኳን ውሉ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ አንቀጽ…»

«ዘጠኝ» አሉ ጋሽ ሣህሌ። «አንብቤዋለሁ።»

ጌድዮን ሳቀ፤ ግን ልጁ እንዲሁ የሚረታ አልነበረም። ድንጋዩ ጥግ ተቀመጠና በትሕትና እንዲህ አለ፤ «ግን ጋሼ፣ ትኬት በመስኮት የሚሸጥበት ዘመን ይሻል ነበር? መስኮቱ ሳይከፈት ትኬቱ አትራፊዎች እጅ ገብቶ ያድር ነበር። እናቴ አንድ ቀን ሰልፍ ውላ፣ ነጠላዋ ተቀድዶ፣ ትኬትም ሳታገኝ ስትመለስ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። እኔ ይህን ሥራ የያዝኩት በዚያ ምክንያት ነው። ስልክ ሰው አይገፋም።»

«በዚህስ ረታኸኝ» አሉ ጋሽ ሣህሌ ጥቂት አስበው። «ዘቢደርም አንድ ጊዜ በግፊያ የጫማዋን ተረከዝ ጥላ፣ እያነከሰች ገብታለች። ስልኩን አልጠላሁትም፤ ብጠላው ይዤው ተራራ እወጣለሁ? ግን አልገፋኝም እንጂ ደልሎኛል።»

«ደለለኝ አይበሉ እንጂ ጋሼ። ዘግይቶም ቢሆን ነግሮዎታል።»

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ተነሥተው ድንጋዩ ላይ ወጡ። ጡሩምባው እጃቸው ላይ የለም። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተጣሩ፤ ያ ሠላሳ ዓመት የሰማሁት ድምፅ በባሕር ዛፉ መሃል ዘልቆ ወደ ጉሙ ገባ።

«የእድር አባላት ስሙ። ሰው አርፏል።»

ቆሙ። ጌድዮን ጠበቀ። «ማን?»

«ስልክ ቁጥርህን አስገባ።»

«እሺ፣ አስገባሁ። ማን ነው?»

«ተስማማሁ በል።»

«ተስማማሁ። ቀብሩስ የት ነው?»

«እሱ መጨረሻው ገጽ ላይ ነው።»

ሳቅን። ሳቃችን ሳያልቅ ግን ከጉሙ ውስጥ ከባድ ነገር መሬት ሲመታ ሰማን፤ ከዚያ የሚሮጥ ባዶ እግር። ወይዘሮ ዘርትሁን ነበረች። ከሠፈራችን በላይ ጥግ የምትኖር፣ ቅጠል ለቅማ የምትሸጥ የእድራችን አባል ናት። ባሏ ከታመመ ሁለት ወሩ ነው፤ በዚያ ጠዋት ብቻውን ትታው ነው የወጣችው። ሸክሟን ጥላ መጥታ እፊታችን ቆመች።

«ጋሽ ሣህሌ፣ የኔ ነው?» አለች።

እሳቸው ከድንጋዩ እንዴት እንደወረዱ አላየሁም። «አይደለም ልጄ። ማንም አልሞተም። የእኔ የሽማግሌው ቅሌት ነው፤ ቀልድ ነው፤ ማንም አልሞተም።» ደግፈን አስቀመጥናት። ጌድዮን የያዘውን ውሃ ሰጣት። ጠጥታ ጨረሰች።

«ሁልጊዜ ሙሉውን ነበር የሚናገሩት» አለች በመጨረሻ፣ ቁጣ ሳይሆን ግርምት ባለው ድምፅ። «ስሙን ሲያቆዩት ጊዜ፣ ክፍት ቦታውን እኔ ሞላሁት።»

ጋሽ ሣህሌና ጌድዮን ሄደው ሸክሟን አሸከሟት። ጉሙ መልሶ ዋጣት። ሽማግሌው ሲመለሱ ዓሥር ዓመት የጨመሩ መሰሉኝ።

«በሠላሳ ዓመት እንዲህ አድርጌ አላውቅም» አሉ። «አየህ ልጄ፣ ዘግይቼም ቢሆን ስሙን መናገሬ አይቀርም ነበር። እሷ ግን በዚያች መሃል ባሏን ቀብራ ተመለሰች።»

«የትኬት ዋጋና ሞት አንድ አይደሉም» አለ ጌድዮን፤ ድምፁ ግን ዝቅ ብሏል።

«አይደሉም። መታመን ግን አንድ ነው። እኔ ስጠራ ሰው የሚወጣው ድምፄ አምሮት መሰለህ? የምጨምረው ነገር እንደሌለ ስለሚያውቅ ነው። አንተ ዘጠኝ መቶ ስትለኝ የምትጨምረው አለህ። ነገ በነጻ ግባ ብትለኝ እንኳ አላምንህም።»

«ሊገዙ ከሚገቡት አሥር ሰዎች አራቱ እዚያ መጨረሻ ገጽ ላይ ጥለውት ይወጣሉ» አለ ጌድዮን። «እኛ ግን የኔትወርክ ችግር ነው እንላለን።»

«ኔትወርኩስ እዚህ ድንጋይ ላይ ግሩም ነው» አልኩት።

ስልኩን አውጥቶ ማርቲ ለምትባል አለቃው ደወለ። «ማርቲ፣ ሙሉውን ዋጋ መጀመሪያ ገጽ ላይ ብናወጣውስ? አላበድኩም። እንጦጦ ነኝ። ሁለት ቀን ስጪኝና ሰው ከሸሸ መልሼ አነሣዋለሁ።» የምትለውን ሰምቶ ፈገግ አለ። ከዚያ ሁለት ወንበር ያለ ስምንት ደቂቃው ገደብ እንድትይዝለት ለመናት። ለጋሽ ሣህሌ በነጻ ልስጥዎ ቢላቸው፣ «በነጻ የገባ ዘፈን ጆሮ ውስጥ አይቆይም» ብለው እምቢ አሉ።

እናም ከአንቀጽ አንድ ጀምረው አነበቡ። እንደዚያ ያለ ውል እንደዚያ ባለ ድምፅ ሲነበብ ሰምቼ አላውቅም፤ ዳዊት የሚደገም ነበር የሚመስለው። እያነበቡ ሳለ ጉሙ ቀስ እያለ ተገፈፈ፤ መጀመሪያ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ቀጥሎ የቀበና ድልድይ፣ ከዚያ ከተማው በሙሉ አንድ ጊዜ ብቅ አለ። አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው ጌድዮንን አዩት።

«ይህቺን አውጣት።»

«ትወጣለች ጋሼ።»

አሥራ አራቱንም ጨርሰው ቁልፉን ተጫኑ። ትኬቱ ገባ። ወደ ሠፈር አብረን ስንወርድ፣ ምላሴ እንደ ልማዱ አላስቀምጥ አለኝ።

«ጋሽ ሣህሌ፣ ‹ጠብታ› ያሉትም እኮ መጀመሪያው ገጽ ነው። ለእትዬ ዘቢደር ሙሉውን ዋጋ መቼ ነው የሚነግሯት?»

እርምጃቸውን ፈጠን አድርገው ቀደሙኝ።

ዓርብ ማታ ለራሴም ትኬት ልገዛ መተግበሪያውን ከፈትኩት። መጀመሪያው ገጽ ላይ «አንድ ሺህ ሰባ ብር፤ ሌላ የሚጨመር የለም» ይላል፤ ከሥሩም የትኛው ብር ለማን እንደሚሄድ ተዘርዝሯል። አንቀጽ ዘጠኝ የለችም። ቀበና ላይ ባለች አንዲት ሱቅም፣ ስልክ የሌለው ሰው በዚያው ዋጋ በወረቀት እንዲገዛ ተደርጓል። ሰው ይሸሻል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ጌድዮን ቅዳሜ በር ላይ ሳገኘው እንደነገረኝ፣ ገጹን ከፍተው የተመለሱ ነበሩ፤ መጨረሻው ገጽ ላይ የደረሱት ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ከፈሉ፤ ለእርዳታ መስመሩም ተቆጥቶ የደወለ አልነበረም። ነጋዴ ሆይ፣ ይህን ልብ በል፤ ዋጋ ሰምቶ የሄደ ገበያተኛ ብሩ ሲኖረው ይመለሳል፤ ተደልሎ የከፈለ ግን ከፍሎም አይመለስም።

ኮንሰርቱ በአሥር ሰዓት ተጀመረ። ጉሙ እንደገና ከጫካው ወርዶ በመድረኩና በእኛ መሃል ይንሳፈፍ ነበር፤ የሺሃረግ ከዚያ ውስጥ ስትዘፍን ተራራው ራሱ ያንጎራጎረ ይመስላል። ጋሽ ሣህሌና እትዬ ዘቢደር ከፊቴ ነበሩ። እሳቸው በግራዋ፣ በደነቆረው ጆሮዋ በኩል ተቀምጠዋል፤ ደህናው ጆሮ ለዘፈኑ ይተርፍ ብለው ነው።

ሁለተኛው ዘፈን ሲያልቅ ተነሡ። በኋላዋ ዞረው በቀኟ በኩል ቁጢጥ አሉ፤ አፋቸውንም ወደ ጆሮዋ አስጠጉ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ትከሻቸው አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ሲወርድ ብቻ አየሁ፤ አንድ ትንፋሽ ነው።

እትዬ ዘቢደር ዓይኗን ከመድረኩ ሳትነቅል እጃቸውን ያዘች። መስማት እንደተሳነው ሰው ሁሉ ጮክ ብላ ስለምትናገር እኛ ሁላችን ሰማናት።

«ያን ዕለት ‹ጠብታ› ብለህ ዝም ስትል ነው ያወቅኩት። አንተ መቼ አጭር ነገር ተናግረህ ታውቃለህ?» አለቻቸው። «በል አሁን ወደ ግራዬ ተመለስ፤ ዘፈኑን ጋረድክብኝ።»

ጋሽ ሣህሌ ተነሥተው፣ በኋላዋ ዞረው፣ ወደ ግራዋ ተመለሱ።