ሽቦና ዱዓ
አባቴ «ሳትለምን አትጀምር፤ ሳታመሰግን አትነሣ» ይል ነበር። የጫጩት መፈልፈያዬ አላሞቅም ሲል፣ ሚስቴ እንቁላሎቹን በጋቢዬ ጠቅልላ ቀረች፤ እኔ የማሽኑን ቦርድ ይዤ ቡታጅራ፣ ጥገና ቤት ገባሁ። ጠጋኙ አይቶት፣ «ፕሮግራሙ ጠፍቷል፤ ከላፕቶፑ እጭነዋለሁ። እርስዎ ይቺን ሽቦ ቺፑ እግር ላይ በጣትዎ ተጭነው ይያዙልኝ» አለኝ። ያዝኩ።

«ተገናኘ!» ሲል ሁለት እጄን ዘርግቼ «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ተቋረጠ። እንደገና ያዝኩ፤ ተገናኘ፤ አመሰገንኩ፤ ተቋረጠ። ጠጋኙ ግራ ገብቶት ገመዱን ቀየረ፣ ላፕቶፑንም አጥፍቶ አበራ። እኔ ደግሞ እንቁላሎቹ ሳይቀዘቅዙብኝ ብዬ፣ በሦስተኛው ጠበቅ ያለ ዱዓ ላደርግ እጄን ላነሣ ስል፣ ስልክ ሊያሠራ ወረፋ የሚጠብቅ የማላውቀው ሰው እጄን ለቀም አደረገና እንዲህ አለኝ፦

«አባባ፣ ዱዓውን በልብዎ ያድርጉት፤ ጣትዎ እዚያው ሽቦው ላይ ይቆይ!»