አላጠፋችም

ቀለሜ፣ እንዴት ዋልክ? ትንሿ ልጅህ ጥርስ ወጣላት?... እሰይ! አሁን እንቅልፍ ታገኛላችሁ። ብሩሽህን ጎማው ላይ አታስቀምጠው፣ ይጣበቅብሃል። ወዲህ፣ በእኔ በኩል ሁን። አንተ በሩ ላይ ሰማያዊዋን ሦስት ማዕዘን ስትቀባ፣ እኔ ከመሪው ጎን ጎንበስ ብዬ ሽቦዬን ስቆርጥ፣ ሰዓቱ ሳናውቀው ይሄዳል። አየሩ ደስ ሲል! የጋራዡ በር ተከፍቶ እንዲህ ብርሃን ሲገባበት ወለሉ ላይ ያለው ቅባት እንኳ ያምራል። አይደል?

ሦስት ማዕዘኗ ውስጥ ያለችውን መብረቅ ቀይ አድርጋት። ደማቅ ቀይ። እሳት አጥፊው ከሩቅ አይቶ፣ የሚሳበው ገመድ እዚህ ነው እንዲል። ባለፈው ቅዳሜም እኮ አይቶት ነበር። አይቶ፣ ሮጦ፣ ስቦታል። የሳበው ግን... ተወው። ጨዋታ እንጫወት።

አንተ ያን ቀን አልነበርክም፣ ለካ። እህቴ የውድድር ልምምድ ላይ ናት። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ የመኪናዋ ኋላ ከዳት፤ ከተደረደሩት ጎማዎች ጋር ተላተመች። ከኮፈኑ ሥር ጭስ። የማስነሻ ቁልፉ በግጭቱ ታጥፎ አልዞር አለ። ምን ታድርግ? የተማረችውን አደረገች። እጇን ሰዳ ይችን ቀይ የአደጋ ማጥፊያ አዞረች። ባትሪው ተቋረጠ። ሞተሩ ግን... ያዜማል! እሳት አጥፊው ከውጭ ገመዱን ሳበ። አሁንም ያዜማል! እንዲህ ያለ ለዘፈን የተፈጠረ ሞተር ሰምተህ ታውቃለህ? በመጨረሻ ሰውየው የማጥፊያ ዱቄቱን በአየር መሳቢያው ነፋበትና አፍኖ አቆመው። እሷን በቀበቶዋ ጎትተው አወጧት።

እንግዲህ ዛሬ ፈትቼ ሳየው ምን አገኘሁ መሰለህ? ሞተር አንዴ ከተነሳ ባትሪ አይለምንም፤ ዲናሞው ራሱ ይመግበዋል። ስለዚህ የውድድር መኪና ማጥፊያ ባትሪው የሚታሰርባቸው እነዚህ ሁለት ወፋፍራም እግሮች ብቻ አይበቁትም። የሞተሩንም መስመር አብሮ የሚቆርጥ፣ እንደዚህ በእጄ እንዳለው አዲሱ አራት ቀጫጭን እግሮች የተጨመሩለት ነው የሚገጠመው። እኔ ያገኘሁት ባለ ሁለት እግሩን ነው። መጥፎ ዕቃ እንዳይመስልህ! የቆመ ሞተር ለማጥፋት የሚወዳደረው የለም።

አገጣጠሙን ግን ብታየው! ሽቦው እንደ ሙሽራ ጸጉር ተጎንጉኗል። ናስትሮው ሽቦው ላይ በልክ በልኩ ተጠቅልሏል። ዳዶዎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን አዙረው ቆመዋል። ዓይን የሚያስለቅስ ሥራ ነው። ውስጧ የነበረችውማ አልቅሳለች።

ሙያ በልብ ነው ይባል የለ? እውነት ነው። የዚህ ሰው ሙያ ልቡ ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ እዚያው ነው ያለው... እጁ ድረስ አልወረደም እንጂ።

ማን እንደገጠመው አትጠይቀኝ። አልነግርህም። እህቴ አስምላኛለች። "በሞቴ፣ ስሙን በሰው ፊት እንዳትጠሪ፤ ከፈለገ ራሱ ይናገር" አለችኝ። ስለምትወደው። ማለቴ... ሰው ትወዳለች፣ ሰው ሁሉ። ባሏን ጨምሮ። ባሏን ምን አመጣው? አፌ ነው። ባሏማ ይኸው፣ ከፒካፑ ሥር ተኝቶ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቡሎን ያጠብቃል። ታታሪ! በዓለም ላይ እንደዚያ የጠበቀ ቡሎን የለም። ጫማዎቹን እያቸው፣ ንቅንቅ አይሉም። ይሰማል ብለህ አትሳቀቅ። ሥራ ላይ ያለ ሰው ምን ጆሮ አለው?

ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? ጎንበስ ስል ነው።

አሥር ቁጥር ቁልፍ አቀብለኝ። እሱን አይደለም፣ ትንሹን... ተባረክ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። እኔ ግን አልስማማም። ይህኛው ቁጭ ብሎ፣ ተረጋግቶ፣ ሻይ እየጠጣ ነው ያስታጠቀው። ምን ያስቸኩለዋል? የምትሮጠው ሌላ ሰው።

ከዚያማ ተቆጣጣሪው መጣ። ደብተሩን ከፍቶ "ማነው ያጠፋው?" አለ። እሳት አጥፊው ምስኪን፣ ሞተሩን መስሎት፣ ደረቱን ነፍቶ "እኔ ነኝ ያጠፋሁት!" አይልም? ስሙ ሊጻፍበት ሲል ለጥቂት ተረፈ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እህቴ ፊቷ በጭስ እንደጠቆረ ሳቀች። ያኔ ነው ከኋላ አንድ ለስላሳ ድምፅ የመጣው። "ደንግጣ ነው... ማጥፊያውን አላዞረችውም።" እንዴት ያለ ረጋ ያለ፣ ጥርት ያለ ድምፅ! ጭስ ያልገባበት ጉሮሮ ያስታውቃል።

ተቆጣጣሪውም ጻፈ። "አሽከርካሪዋ ደንግጣ አላጠፋችም።"

እስቲ አስበው። አላጠፋችም! አላጠፋችም ተብሎ ተጽፎባት የተቀጣች ሰው አይተህ ታውቃለህ? የውድድር ፈቃዷ የታገደው በዚያች ቃል ነው። ወረቀቱን ነገሩን ለማያውቅ ሰው ብታሳየው እንኳን ደስ አለሽ ይላታል።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ... ይህ አይጥ ግን ጨዋ ነው፣ እውነቱን እንናገር። ዳዋው ሲመታ አልሳቀም። ቀዝቃዛ ውሃ አመጣላት፣ ትከሻዋን አሻሸላት፣ "አይዞሽ፣ ድንጋጤ በማንም ይደርሳል" አላት። እንዲህ ያለ አጽናኝ ባል... ባል አልኩ? ባለሙያ ማለቴ ነው። ምላሴ መሃል መንገድ ላይ ቆመብኝ።

አትሳቅ፣ ቀለሙ ይፈስብሃል። መብረቋ ጭራ አወጣች እኮ!

ቆይ እንጂ፣ ማጥፊያው ለምን እንዳላጠፋ አሁን ገና ገባኝ። ዕቃ ገጣሚውን ይመስላል። ይህ ሰው በዕድሜው አጥፍቶ አያውቅም። ለገዛ ሠርጉ አርፍዶ ሲመጣ መንገዱ ነው ያጠፋው። ካቻቢቴዬን ሲሰብርብኝ ካቻቢቴው ነው ያጠፋው፤ ያውም ይቅርታ ሊጠይቀኝ የሚገባው ካቻቢቴው እንደሆነ በትዕግሥት አስረድቶኛል። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሰው የገጠመው ማጥፊያ እንዴት ብሎ ያጥፋ? ከማን ተምሮ?

እሺ፣ ወደ ሥራችን። ይህ የሞተሩ መስመር። ቆረጥኩት፣ በቀጫጭኖቹ እግሮች አሳለፍኩት። ይህች ነጭ ቁራጭ ደግሞ ሬዚስተር ናት፤ ሞተሩ ሲቆም ዲናሞው ውስጥ የቀረውን ጉልበት የምትጠጣው እሷ ናት። ቀድሞ ነበር እንጂ ሽቦ መጥኖ መቁረጥ... ቀሪውን ታውቀዋለህ። ድስትና ለቅሶ አለበት።

ስንት ሰዓት ሆነ? ስምንት ተኩል! ተቆጣጣሪው ዘጠኝ ላይ ይመለሳል፤ ውድድሩ አሥር ነው። እህቴን ውጭ፣ ከግቢው በር ጋ አየሃት አይደል? ልብሷን ለብሳ፣ የራስ ቁሯን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጎማ ላይ ተቀምጣለች። አንድ ሰው በገዛ እግሩ እስኪመጣላት ነው። አትለምንም። ስድስት ዓመት ለዚህ ቀን ለፍታ፣ ለአንድ ፊርማ አትለምንም!

ቅጹ ይኸው። አንዲት ገጽ። "ጥፋቱ የአሽከርካሪዋ ሳይሆን የማጥፊያው አገጣጠም ነው" የምትል መስመር፣ ከሥሯ የገጣሚው ስምና ፊርማ። በቃ። ከተፈረመ ዛሬ ትሮጣለች። ካልተፈረመ እገዳው አንድ ዓመት ነው፤ ከዓመት በኋላም ማን መሪ ይሰጣታል? "ያቺ የምትደነግጠዋ" ተብላ ነው የምትቀረው።

የፈረመውስ? እሱ ሦስት ወር የውድድር መኪና አይነካም። ሦስት ወር ብቻ። እንደዚያ ላለ እጅ ዕረፍት ነው። ለመኪኖቹም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ለዚህ ነው ብልጥ ሰው ወረቀት የማይነካው... አይደለም እንዴ? እኔ ግን ቅጹን እዚህ፣ ከፒካፑ ጎማ አጠገብ ነው የማስቀምጠው። ብዕሩን ከላዩ። ነፋስ እንዳይወስደው ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ቁልፌንም እዚያው ላድርገው፣ ሁለት እጅ ነው ያለኝ።

ና፣ ዞር እንበል። ቀለሙ ሲደርቅ አብረን እንይ። እየደረቀ ነው... አዎ፣ እየደረቀ ነው...

ቀለሜ። እጅ ወጣ።

ዝም በል፣ አትዙር። ከፒካፑ ሥር እጅ ወጣ። እየዳበሰ ነው። ወረቀቱን ነካ። እሰይ፣ የእናቱ ልጅ! ብዕሩን... ብዕሩን ነካው... ገፋ አደረገው...

ቁልፌን ይዞ ተመለሰ።

እንዴት ያለ ለሥራው የሚጨነቅ ሰው ነው! ያቺ ቡሎን እኮ እስካሁን አልጠበቀችለትም።

አምጣ ብዕሩን። ምን ታፈጥብኛለህ? "የገጣሚው ስም"... የእኔን ነው የምጽፈው፣ አዎ። አሁን የገጠምኩት እኔ አይደለሁም? ቅጹ የቅዳሜውን የገጠመው ማነው ብሎ አይጠይቅም። ቅጹም እንደ እህቴ ጨዋ ነው፣ ስም አያስጠራም። ይኸው ስሜ። ይኸው ፊርማዬ። አጠፋሁ። አየህ? አ፣ ጠ፣ ፋ፣ ሁ። አራት ፊደል ናት፣ ጥርስ አታወልቅም! አንዳንዱ ሰው በአርባ ዓመቱ ሊላት ያቃተው ለምን ይሆን? ለእህቴ ግን ሮጣ እስክትገባ ትንፍሽ እንዳትል። ካወቀች ከመኪናው ትወርዳለች።

ተቆጣጣሪው መጣ። እንኳን ደህና መጡ፣ ጌታዬ! ይግቡ፣ ይግቡ። ቀለሙ አልደረቀም፣ ልብስዎን ይጠንቀቁ። ቅጹ ተሞልቷል፣ ይኸው። አዎ፣ የእኔው ስም ነው። እንዴት እንዲህ አደረግሽ ይበሉኝ፣ ይገባኛል። ከዚህ በፊት ሥራሽ ቆንጆ ነበር አሉኝ?... ምን ላድርግ ጌታዬ፣ በሌላ ሰው እጅ እንደተሠራ ሁሉ ከእጄ አመለጠኝ።

እህቴ፣ ነይ ግቢ። አስነሺው። ጨመር... ጨመር አድርጊው... አሁን አዙሪው!

ሰማህ ቀለሜ? ምንም! እንዴት የሚጣፍጥ ዝምታ ነው! አሁን ደግሞ ከውጭ። ጌታዬ፣ እርስዎ ራስዎ ይሳቡት። አስነሺ እህቴ... ይሳቡ... ዝም! ሳቋን አየህ? ሄደች፣ መኪናዋን ይዛ ሄደች!

ሦስት ወር? ይሁን፣ ሕግዎን ያድርሱ። ቤቴ ያለው ማቀዝቀዣ ከዓመት በፊት ነው ድረሽልኝ ያለኝ። መልካም ውድድር፣ ጌታዬ።

ኧረ... ጫማዎቹ ተነቃነቁ። ቡሎኑ ጠበቀ መሰለኝ። ልክ ተቆጣጣሪው ከበር ሲወጣ! ይኸው፣ ወጣ። ፈገግ ብሎ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። እጁ ንጹሕ ነው ቀለሜ፣ የሚቆሽሸው ጨርቁ ነው።

አይ፣ ምንም አልል። ምያለሁ። ስሙን አልጠራሁም፣ አልጠራም። ስለ ምርቃት ግን አልማልኩም። እዚህ ቁም፣ ጮክ ብለህ አሜን በል።

ያን ስሙን የማልጠራውን ባለሙያ እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጠው። ትዳሩን ያጽናለት። ስሙን እንዲህ እንደነጣ ያኑርለት። አያድርገውና አንድ ቀን እሱም ጭስ ውስጥ ታስሮ ሰው ሰው ቢል... ልክ እሱን የመሰለ ሰው ከጎኑ ያቁምለት።